በሳምንት አንድ ሰዓት፦ በኪንግስተን የቀነጨሩ ሕፃናት ላይ የተደረገው የ30 ዓመት ክትትል

በ1986 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን ድሃ ሰፈሮች ቤት ለቤት እየተዞረ የሕፃናት ቁመት ይለካ ነበር። የሚፈለጉት ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር የሆነ፣ የቀነጨሩ ልጆች ናቸው። መለኪያው ቁርጥ ያለ ነው፤ ቁመቱ ለዕድሜው ከሚጠበቀው መካከለኛ ቁመት በሁለት ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (ልኬቶች ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳይ የስታቲስቲክስ መለኪያ) ወይም ከዚያ በላይ ያነሰ ልጅ ቀንጭሯል ይባላል። መንታ የሆነ፣ ሲወለድ ከ1.8 ኪሎ በታች የመዘነ፣ ጉልህ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ያለበት ልጅ አልተካተተም። የእናትየው ትምህርትና የቤቱ ይዞታም ታይቷል። በመጨረሻ 129 ልጆች ተመዘገቡ፤ ድህነትና የምግብ እጥረት ቁመታቸውን የያዘባቸው እንጂ የተለየ በሽታ ያለባቸው አልነበሩም።

ጥናቱን የመሩት በዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲ የሞና ግቢ ተመራማሪዎች የነበሩት ሳሊ ግራንታም-ማክግሬጎር፣ ክርስቲን ፓውል፣ ሱዛን ዎከርና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ለልጆቹ ምግብ ወይም በየሳምንቱ የአንድ ሰዓት ጨዋታ ቤታቸው ድረስ ያቀረበው ፕሮግራም የቆየው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ክትትሉ ግን ልጆቹ 31 ዓመት እስኪሞላቸው ዘለቀ። በድሃ አገር ከተሠሩ የሕፃናት ፕሮግራሞች ውስጥ ይህን ያህል ርቀት የተከተሏቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ለእኛ አንባቢ ይህን ጉዳይ በዝርዝር ማየት የሚጠቅምበት ምክንያት አለ። በ2019 የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው ቀንጭረዋል። መቀንጨር ሲነሳ ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው እህል፣ ዱቄት፣ የታሸገ አልሚ ምግብ ነው። የኪንግስተኑ ጥናት ምግብንና ጨዋታን ለየብቻ አስቀምጦ ስላነጻጸራቸው ከየትኛው ምን እንደሚጠበቅ ያሳየናል። ከዚያም በላይ ዋጋ ያለው ነገር ይዟል፤ በሪፖርቶች ማጠቃለያ ላይ የማይገቡ፣ ፕሮግራም ሲስፋፋ ደግሞ ቀድመው የሚቆረጡ ጥቃቅን አሠራሮችን።

አራቱ ቡድኖች

129ኙ ልጆች በዕጣ በአራት ተከፈሉ፤ በእያንዳንዱ ቡድን 32 ወይም 33 ልጅ ደረሰ። የመጀመሪያው ቡድን ምግብ ብቻ፣ ሁለተኛው ጨዋታ ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም አገኘ፤ አራተኛው አንዱንም አላገኘም። ከዚህ ውጭ ከእነዚያው ሰፈሮች ያልቀነጨሩ 32 ልጆች ለማነጻጸሪያ ተመዘገቡ። ይህ አምስተኛ ቡድን ባይኖር ኖሮ «ተሻሻሉ» ማለት እንጂ «ከእኩዮቻቸው ደረሱ» ወይም «አልደረሱም» ማለት አይቻልም ነበር።

ምግቡ በሳምንት 1 ኪሎ ከወተት የተዘጋጀ ፎርሙላ ነው። ከእሱ ጋር ለቤተሰቡ የበቆሎ ዱቄትና ቅባቱ የወጣ የዱቄት ወተት ይታደል ነበር። ይህ ጭማሪ ለልግስና የተደረገ አይደለም። ሦስት አራት ልጅ ባለበት ቤት ለአንዱ ብቻ ወተት እየሰጡ ሌሎቹን ማስመልከት የምትችል እናት የለችም፤ ታካፍላለች። ለቀሪው ቤተሰብ የሚሆን ነገር ሲጨመር የሕፃኑ ድርሻ ይተርፋል ተብሎ ነው። ያም ሆኖ መካፈሉን ሙሉ በሙሉ ማስቀረት አይቻልም፤ አልሚ ምግብ በሚታደልበት ቦታ የሠራ ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ጨዋታ ያልደረሳቸው ቡድኖችም በየሳምንቱ ስለ ልጁ ሕመም ይጠየቁ ነበር። ይህ ባይደረግ በኋላ የታየው ልዩነት «ቤታቸው ሰው ስለመጣ ብቻ ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር።

ያቺ አንድ ሰዓት

ቤት ለቤት የሚሄዱት የማኅበረሰብ ጤና ረዳቶች ነበሩ። መምህራን ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያዎች አልነበሩም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የቀመሱ፣ አጭር የጤናና የሥነ ምግብ ሥልጠና የወሰዱ ሴቶች ናቸው። በዚያ ላይ ስለ ሕፃናት እድገት፣ እናትን ስለ ማስተማር፣ ከተጣለ ዕቃ መጫወቻ ስለ መሥራት የጥቂት ሳምንታት ተጨማሪ ሥልጠና ተሰጣቸው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰዓት፣ ለሁለት ዓመት ወደዚያው ቤት ተመላለሱ።

ሰዓቱ የራሱ ቅደም ተከተል አለው። ጎብኚዋ ሰላምታ ሰጥታ ስለ ቤቱ ትጠይቃለች፤ ከዚያ ባለፈው ሳምንት የተተወውን መጫወቻ ታነሳና ልጁ ምን እንዳደረገበት እናትየውን ትሰማለች። ቀጥላ አዲሱን መጫወቻ ታወጣለች። መጀመሪያ ልጁ እንደፈለገ እንዲነካካው ትተወዋለች፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ታሳያለች፤ ከዚያ መጫወቻውን ለእናትየው ትሰጣለች። በአንድ ሰዓቱ ውስጥ ዋናው ቅጽበት ይህ ነው፤ ዕቃው ከጎብኚዋ እጅ ወጥቶ እናት እጅ ሲገባ። እናት ታሳያለች፣ ልጅ ይሞክራል፣ ጎብኚዋ ሁለቱንም «ጎሽ!» ትላለች። ከዚያ መዝሙር፣ የሥዕል መጽሐፍ እያገላበጡ ስም መጥራት፣ በመጨረሻም እናትየው በሳምንቱ ውስጥ ልጁን ስታጥብ፣ ልብስ ስታጥብ፣ ምግብ ስትሠራ የምታደርጋቸው አንድ ሁለት ነገሮች። ጎብኚዋ አዲሱን መጫወቻና መጽሐፍ ትታ፣ የድሮውን ይዛ ትወጣለች።

ለምን ትወስደዋለች? ልጅ አንድን ዕቃ ሳምንት ከተጫወተበት ይሰለቸዋል፤ የሚቀጥለው መጫወቻ ደግሞ ከፍ ያለ ነገር የሚጠይቅ ነው። የተመለሰው ዕቃ ታጥቦና ተጠግኖ ሌላ ቤት ይሄዳል። ስለዚህ ጥቂት ስብስብ መጫወቻ ብዙ ልጅ ያዳርሳል።

መጫወቻዎቹ የተሠሩት ከፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ከክዳን፣ ከካርቶን፣ ከቁራጭ ጨርቅ ነው። አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ሰፋ ያለ አፍ ያለው የፕላስቲክ ዕቃና አሥር ያህል የጠርሙስ ክዳን ይወሰዳል። ለትንሹ ልጅ ክዳኖቹን ወደ ዕቃው መክተትና ገልብጦ ማፍሰስ በቂ ሥራ ነው፤ «አስገባ»፣ «አውጣ»፣ «አለቀ» የሚሉ ቃላት እዚያው ይማራል። ትንሽ ከፍ ሲል በዕቃው መክደኛ ላይ ክዳን ብቻ የሚያሾልክ ቀዳዳ ይቆረጣል፤ አሁን ማነጣጠር አለበት። ሁለት ዓመት ሲጠጋ ክዳኖቹ በሁለት ቀለም ይሆኑና ይለያቸዋል። በአንድ ዕቃ ሦስት ደረጃ ማለት ነው። የተቆረጠ ጠርዝ በአሸዋ ወረቀት ካልተፋቀ ወይም በፕላስተር ካልተሸፈነ እጅ ይቆርጣል። ክዳኑ አንሶ ጉሮሮ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ልጁን ያንቀዋል፤ በልጁ የተከፈተ አፍ መጠን መገመትና ማስወገድ ያስፈልጋል። የሚንኳኳ መጫወቻ ሲሠራ ክዳኑ በማጣበቂያ ካልታሸገ ልጁ ጥርስ ባወጣ ማግሥት ይከፍተዋል።

ቃላት በቅደም ተከተል ይመጣሉ፤ መጀመሪያ የሚነካ ነገር ስም፣ ከዚያ ድርጊት፣ ከዚያ ትልቅና ትንሽ፣ ላይና ታች፣ ቀጥሎ ቀለም፣ ቅርጽ፣ መመሳሰልና መለያየት። ይህ ሁሉ አስቀድሞ ሳምንት በሳምንት ተጽፎ የተዘጋጀ ነው፤ ጎብኚዋ ግን ልጁ ወደሚቀጥለው የሚሸጋገርበትን ጊዜ በዓይኗ አይታ ትወስናለች።

በየሳምንቱ የመሆኑ ነገር

የጉብኝቱ ብዛት በግምት አልተወሰነም። እነዚሁ ተመራማሪዎች ቀደም ሲል በኪንግስተን ድሃ ሰፈሮች በወር አንድ ጊዜ፣ በየሁለት ሳምንቱና በየሳምንቱ የሚጎበኙ ልጆችን አነጻጽረው ነበር፤ ውጤቱ በ1989 ታትሟል። በወር አንዴ የተጎበኙት አልተጎበኙ ያህል ሆነው ተገኙ። በየሁለት ሳምንቱ ያሉት ጥቂት ተሻሻሉ። ጉልህ ለውጥ የታየው በየሳምንቱ በተሄደባቸው ላይ ነው። ሩቅ ቦታ፣ ነዳጅ፣ የሰው እጥረት ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚቀነሰው የጉብኝት ቁጥር መሆኑን ስናስብ ይህ ግኝት ልብ ይነካል። በጀቱን በግማሽ መቁረጥ ውጤቱን በግማሽ አያሳንሰውም፤ ከግማሽ በላይ ሊያጠፋው ይችላል።

ምን ተገኘ፣ መቼ

ሁለቱ ዓመታት ሲያልቁ ምግቡም ጨዋታውም ሠርተዋል። ሁለቱንም ያገኙት ልጆች ካልቀነጨሩት ጎረቤቶቻቸው ጋር ተቀራረቡ፤ አንዱንም ያላገኙት ግን የበለጠ ወደ ኋላ ቀሩ። እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ «ሁለቱንም ስጡ» የሚል ግልጽ ምክር ይወጣ ነበር።

7 እና 8 ዓመት ሲሞላቸው ነገሩ ደበዘዘ። ልዩነቱ ትንሽና የተበታተነ ሆነ። ብዙ ፕሮግራም የሚፈረድበት እዚህ ዕድሜ ላይ ነው፤ ልጁ አንደኛ ክፍል ገብቶ ይለካል፣ ከሌላው ጋር እኩል ይገኛል፣ ገንዘቡ ባከነ ይባላል።

11 እና 12 ዓመት ላይ የጨዋታው ውጤት ተመልሶ ታየ፤ የምግቡ አልታየም። 17 እና 18 ዓመት ላይ ተፈልገው ከተገኙት 103 ወጣቶች መካከል በሕፃንነታቸው ጨዋታ ያገኙት በአይኪው (የአእምሮ ችሎታ መለኪያ)፣ በቃላት ዕውቀትና በማንበብ ይበልጡ ነበር። ጭንቀትና ድብርታቸው አነስተኛ፣ ትኩረታቸው የተሻለ ነበር። 22 ዓመት ላይ 105 ሰዎች ተገኙ። የትምህርት ደረጃቸው ከፍ ብሏል፤ በጠብና በድብድብ ውስጥ የመግባት ነገር ቀንሷል። በዚያው ዙር በኢኮኖሚስቶቹ በፖል ገርትለር፣ በጄምስ ሄክማንና በባልደረቦቻቸው ተሠርቶ በ2014 የታተመው ስሌት የጨዋታው ቡድን ገቢ በ25 በመቶ እንደሚበልጥና ካልቀነጨሩት እኩዮቻቸው ገቢ ጋር እንደተካከለ አሳየ። 31 ዓመት ላይ ደግሞ የሰዓት ክፍያቸው በ43 በመቶ፣ ጠቅላላ ገቢያቸው በ37 በመቶ ይበልጥ ነበር።

እነዚህን መቶኛዎች የሚያነብ ሰው ሁለት ነገር ይያዝ። አንደኛ፣ ልጆቹ ጥቂት ናቸው፤ ከጨዋታው ወገን 64፣ ከሌላው 65። በዚህ ቁጥር ላይ የቆመ መቶኛ አቅጣጫውን በደንብ ይናገራል፤ ሌላ አገር ላይ ያንኑ 25 ወይም 43 መጠበቅ ግን የዋህነት ነው። ሁለተኛ፣ ስደት። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ወደ አሜሪካ፣ ካናዳና እንግሊዝ ሄደዋል፤ አገር ቤት የቀሩትን ብቻ መለካት ውጤቱን ያዛባል፤ ስደቱ ራሱ ከትምህርትና ከአቅም ጋር የተያያዘ ነውና። ተመራማሪዎቹ ውጭ አገር ድረስ ተከትለው መፈለጋቸው ለዚህ ነው። ልጆቹ በሚያድጉበት ዘመን ሁሉ የአያት፣ የአክስት፣ የጎረቤት አድራሻ መዝግቦ የያዘ ሰው ባይኖር ይህ አይሳካም ነበር። እኛ ዘንድ ጥናት የሚያልቀው የፕሮጀክቱ በጀት ሲያልቅ ነው፤ አድራሻውም አብሮ ይጠፋል።

ወተቱስ?

«እንግዲያው ምግብ ዋጋ የለውም» የሚል መደምደሚያ ከዚህ ማውጣት ትልቅ ስህተት ነው። በኪንግስተን ወተቱ የተጀመረው ልጁ ከቀነጨረ በኋላ ነው፤ አንዳንዱ ሁለት ዓመት ሊደፍን ሲል። በእርግዝናና በመጀመሪያዎቹ ወራት ያመለጠው አምልጧል፤ በዚያ ላይ ወተቱ ተካፍሏል። በጓቲማላ አራት መንደሮች ከ1969 እስከ 1977 የተሠራውን እንይ። ሁለት መንደር «አቶሌ» የሚባል ፕሮቲን ያለው አጥሚት መሰል መጠጥ፣ ሁለት መንደር ፕሮቲን የሌለው ጣፋጭ መጠጥ አገኙ። ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው አቶሌ ያገኙ ወንዶች አድገው ሲለኩ የሰዓት ገቢያቸው በ46 በመቶ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ምግብ ጊዜውን ጠብቆ ከደረሰ ፍሬው ዕድሜ ልክ ይዘልቃል። ከቀነጨረ በኋላ ወተት ብቻ ይዞ መድረስ ግን ልጁን ትምህርት ቤት ድረስ አይሸኘውም። የጨዋታው ውጤት የሚሸኘው ምናልባት ልጁና እናቱ በዚያ ዕድሜ አብረው በማውራትና በመጫወት የገነቡት ነገር ስለሚቀር ሊሆን ይችላል።

ሲስፋፋ የሚበላሸው

በኮሎምቢያ በ96 ማዘጋጃ ቤቶች 1,420 ልጆች ላይ ይኸው ሥርዓተ ትምህርት ተሞከረ። ለድሃ ቤተሰቦች ገንዘብ የሚሰጠው የመንግሥት ፕሮግራም ተወካይ የሆኑ እናቶች በየሳምንቱ ለ18 ወር ቤት ለቤት ሄዱ። በአእምሮ እድገት 0.26 ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ለውጥ መጣ፤ አብሮ የተሰጠው የቫይታሚንና ማዕድን ዱቄት በዚህ ላይ ለውጥ አላመጣም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲለኩ ግን የጨዋታውም ልዩነት አልተገኘም። የጃማይካው በ7 ዓመት ደብዝዞ በ11 እንደተመለሰ የኮሎምቢያውም ይመለስ ይሆን ብሎ ተስፋ ማድረግ ይቻላል፤ ተስፋ ላይ ግን በጀት አይመደብም። በፔሩ በአገር ደረጃ የተዘረጋው ኩና ማስ የተባለ ፕሮግራምም ውጤት አለው፤ ከጃማይካው ግን በጣም ያንሳል።

ልዩነቱ ከየት መጣ? በኪንግስተን ልጆቹ ሁሉ የቀነጨሩ፣ ቆይታው ሁለት ዓመት፣ ጎብኚዎቹ ጥቂት፣ ተቆጣጣሪዋም ቅርብ ነበሩ። ቁጥሩ ሲሰፋ ሰዓቱ ውስጥ ያለው ይቀየራል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ስህተት ጎብኚዋ ራሷ ከልጁ ጋር ተጫውታ፣ እናት ወንበር ላይ ተቀምጣ ወይም ጓዳ ገብታ ሰዓቱ ማለቁ ነው። ልጁ ይስቃል፣ ቅጹ ይሞላል፣ ጉብኝቱ «ተሳክቷል» ይባላል፤ ሌሎቹን ስድስት ቀናት ግን ምንም ነገር አይኖርም። ሌላው ስህተት የልጁን ዕድሜ ብቻ አይቶ ገጽ ማዞር ነው። የቀነጨረ የ20 ወር ልጅ የ14 ወር ልጅ የሚሠራውን እየሠራ ሊሆን ይችላል፤ ከባዱን ሲሰጡት ይተወዋል፣ እናትም «ልጄ አይችልም» ብላ ትደመድማለች። ሦስተኛው መጫወቻው ነው፤ ተሰባብሮ ሳይተካ ሲቀር ጎብኚዋ ባዶ እጇን መሄድ ታፍርና መቅረት ትጀምራለች። እነዚህን ሦስቱንም የሚይዝ ቅጽ የለም። የሚይዛቸው አብራ ሄዳ ጥግ ላይ ተቀምጣ የምታይ ተቆጣጣሪ ናት።

ሌላ መንገድ የከፈተ አገርም አለ። በፓኪስታን ሲንድ ክፍለ ሀገር ሌዲ ኸልዝ ወርከር የሚባሉት የመንግሥት ጤና ሠራተኞች ከልደት እስከ ሁለት ዓመት በወር አንድ ጊዜ እናቶችን ሰብስበው፣ በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ቤት ሄደው ይህንኑ ሠሩ፤ ውጤቱ ጠንካራ ነበር፣ በ4 ዓመታቸውም ታይቷል። ከጃማይካው የወር ጉብኝት ጋር የሚጋጭ ይመስላል፤ ነገር ግን ከልደት ነው የተጀመረው፣ ስብሰባና ጉብኝት ተደራርበዋል፣ እናትየውም ራሷ ከልጇ ጋር ስትጫወት እየታየች እዚያው ተመከረች። ለገጠር ቀበሌ ይህ ቅርጽ ይበልጥ ይቀርባል ብለን እናምናለን።

ወደ አንድ ቀበሌ ሲወርድ

በጅማ አካባቢ በከፋ ድህነት ውስጥ ላሉ ሕፃናት በጨዋታ የተደገፈ የቤት ለቤት ማነቃቂያ ተሞክሮ በእድገታቸው ላይ ለውጥ ታይቷል፤ ለመለኪያም በአካባቢው ሁኔታ የተቃኘ መሣሪያ እዚያው ተዘጋጅቷል። ስለዚህ «እኛ አገር አይሠራም» የሚለው አያስኬድም። የሚያስቸግረው የሰው ቁጥር ነው።

5,000 ሰው ያለበትን ቀበሌ እንውሰድ። ከ1,000 ሰው በዓመት 30 ልጅ ይወለዳል ብንል በዓመት 150 ልጅ ነው። ከ9 እስከ 24 ወር ያለው የ15 ወር ዕድሜ ወደ 190 ልጅ ይይዛል። ከመቶ 37ቱ ከቀነጨሩ 70 ልጅ ማለት ነው። አንዲት ጎብኚ ከመንገዱ ጋር በቀን አራት ቤት፣ በሳምንት 20 ቤት ትደርሳለች። ስለዚህ ለአንድ ቀበሌ አራት የሙሉ ጊዜ ጎብኚ ያስፈልጋል። በቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በተለምዶ ሁለት ናቸው፤ በክትባት፣ በወሊድ ክትትል፣ በወባ፣ በመጸዳጃ ቤት፣ በሪፖርት የተጠመዱ። በእነሱ ላይ መጫን ማለት ሳምንታዊውን ጉብኝት ወደ ወርኃዊ ማውረድ ነው፤ ያ ምን እንደሚያመጣ ከ1989 ጀምሮ ይታወቃል። የሚሻለው ከሰፈሩ የተመረጡ፣ ስምንተኛ ወይም አሥረኛ ክፍል የጨረሱ አራት ወጣት ሴቶችን በክፍያ መቅጠርና እያንዳንዷን ቢያንስ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ቤት ድረስ ተከትላ የምታይ አንዲት ተቆጣጣሪ መመደብ ነው። ተቆጣጣሪዋ ስትገባ መጀመሪያ የምትመለከተው መጫወቻው በማን እጅ እንዳለ ነው።